ከከፈፉ ሥር የነበረው ዘጠኝ ሚሊሜትር

የተጨማሪ ምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የቃል ሰጪ ስም፡ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የተጻፈው፤ በሰፈሩ «ሚሊሜትር» በሚል ቅጽል የሚታወቁ
ዕድሜ፡ 52
ሥራ፡ አናጢ (በመኖሪያ ቤታቸው)
አድራሻ፡ ከሟች ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ
ከሟች ጋር ያላቸው ግንኙነት፡ ልጅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፡ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ
ቀደም ሲል ቃል ሰጥተዋል ወይ፡ አዎ፤ አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ቃል ሰጪ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን እናገራለሁ። አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ ከቀኑ 7፡30 ሰዓት ላይ በዚሁ ክፍል ውስጥ በሰጠሁት ቃል «የአልጋው መከለያ ጤነኛ ነበር፤ በከባድ ነገር ካልተመታ በቀር አይሰበርም» ብዬ አስመዝግቤ ነበር። ይህ ሐሰት ነው። ስናገረውም ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። በዚህ ቃሌ ምክንያት እናቴን ታስታምም የነበረችው ሴት ታስራ ዛሬ ሰባተኛ ቀኗን ይዛለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ዘግይቼ መምጣቴን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሴትዮዋ ገና በዚህ ግቢ ውስጥ ስላለች ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

ሟች እናቴ ዕድሜዋ ሰማንያ አንድ ነበር፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት የማስታወስ ችሎታዋ እየደከመ ሄዶ ነበር። የምትኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር። እህቴ ነርስ በመሆኗ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 11፡00 ሰዓት ሥራ ላይ ስለምትውል፣ ከሰባት ወር በፊት አስታማሚዋ ተቀጠረች። እኔም በየቀኑ ከሥራ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄድኩ እናቴን እጠይቅ ነበር። እናቴ እህቴን አንዳንድ ቀን ታውቃት ነበር፤ አስታማሚዋን «ልጄ» ትላት ነበር፤ እኔን ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ልጇ መሆኔን አታውቅም ነበር። ስገባ «አናጢው መጣ» ነበር የምትለው። እኔም ስሜን ብትረሳ ሥራዬን አልረሳችም እያልኩ ለሰው እቀልድ ነበር። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ከሦስት ወር በፊት እናቴ ከአልጋዋ ወድቃ ክንዷ ስለተጎዳ፣ በአልጋው ክፍት ጎን በኩል የሚቆም የእንጨት መከለያ ሠራሁላት። ዘጠኝ ቋሚ እንጨት ያለው፣ ተልጎ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ማንም አይቶ ነቀፋ የማያወጣለት ሥራ ነበር። እናቴ ግን በእንጨቶቹ መሐል እጇን እያወጣች «ምን በድዬ ነው የታሰርኩት?» እያለች ታለቅስ ጀመር። ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። አንድ ቀን አስታማሚዋ በር ድረስ ሸኝታኝ «ጋሼ፣ እማማ እኮ መንገዱን ማየት ነው የሚፈልጉት። እንጨቱ ዓይናቸው ላይ ገባባቸው። እንደ ዳቦ ቤቱ መስታወት ወዲያ የሚያሳይ ነገር አይሠራም?» አለችኝ። የእናቴ አልጋ ፊት ለፊት ወደ መንገድ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት አለ። እኔ ስለካና ስልግ እናቴ በዚያ መስኮት እንደምትኖር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት አክሪሊክ የሚባለውን የፕላስቲክ መስታወት፣ ውፍረቱ ስድስት ሚሊሜትር የሆነውን አንድ ሙሉ ሉህ ገዛሁ። የሸጠልኝ ነጋዴ መኪና ላይ ሲጭንልኝ «ወረቀቱን ሳትልጥ ቁረጠው፤ መጋዙን አታስቸኩለው፤ ጠርዙን እንዲያንጸባርቅ በእሳት ካበራኸው ደግሞ አልኮል አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ይሰነጠቃል» አለኝ። ሁለቱን ምክር ተቀበልኩ። ሦስተኛውን ግን ሠላሳ ዓመት ለሠራሁ ሰው ይህ የትናንት ልጅ ምን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ተነግሮኛል።

እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ሲሆን ከቤቴ ጀርባ ባለው የሥራ ክፍሌ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ክፍሉ አራት በሦስት ሜትር ሲሆን፣ መሐል ላይ የጠረጴዛ መጋዝ፣ በመስኮቱ ሥር ዕቃ ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ ያለበት የሥራ ጠረጴዛ አለ። ሁልጊዜ የምሠራው እንጨት በመሆኑ መጀመሪያ ከሉሁ ጫፍ የክንድ ያህል ቁራጭ አውጥቼ እጄን ሞከርኩበት። እንጨት ሲቆረጥ ሰጋቱራ ያወጣል፤ ይህኛው ግን መጋዙን ስትገፋው ጠርዙ ይቆራረሳል፣ ስትዘገይበት ደግሞ ይቀልጥና ከመጋዙ ኋላ ተመልሶ ይጣበቃል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ቀይሬ፣ ከሥሩ ስስ ጣውላ ደግፌ፣ ሳልቆምና ሳልቸኩል ስገፋው ቀጥ ብሎ ወጣ። መቶ አርባ በአርባ አምስት ሳንቲሜትር ነበር የምፈልገው፤ ስለካው አንዲት ሚሊሜትር አልጎደለችም፣ አልተረፈችም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር መናገር አለብኝ። እናቴ ስታየው የምትለውን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከዚያ ጠርዞቹን ወደ ማለስለስ ገባሁ። የታችኛውን ረጅም ጠርዝና አንዱን አጭር ጠርዝ በትክክለኛው መንገድ ጨርሻለሁ፤ ይኸውም የመጋዙን ምልክት በብረት መፋቂያ አንስቼ፣ ከሻካራው እስከ ደቃቁ በአምስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብኩ አሽቼ፣ በመጨረሻም በማንጸባረቂያ ቅባትና በለስላሳ ጨርቅ ወልውዬ ነው። ይህ ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የላይኛው ረጅም ጠርዝና ሌላኛው አጭር ጠርዝ ለማግስቱ ቀሩ።

ሰኞ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት ላይ እህቴ ከሥራ ቦታዋ ደውላ እናታችን በእንጨቱ መከለያ ላይ አንድ እግሯን አሻግራ አስታማሚዋ ለጥቂት እንደደረሰችባት ነገረችኝ። «ዛሬ ካልጨረስከው ትወድቅብናለች። ያንተ ማሳመር ማለቂያ የለውም» አለችኝ። የዚያን ጊዜ የጠርዝ ማብራቱን ነገር አሰብኩ። ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ትንሽ የጋዝ እሳት ነበረኝ። በዚያ በመሞከሪያው ቁራጭ አንድ ጠርዝ ላይ እሳቱን ሳሳልፍበት ሻካራው ጠርዝ ዓይኔ እያየ ጠራ። የሦስት ሰዓት ልፋት በሰላሳ ሴኮንድ ማለት ነው። ወዲያው የመከለያውን ሁለት ጠርዞች እንደዚያው አደረግኩ።

ሁለቱን ጠርዞች ሻካራ እንደሆኑ ትቼ መከለያውን መግጠም አልችልም ነበር ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄ ስመልስ፣ እችል ነበር። ስለታሙን በመፋቂያ ብቻ አንስቶ መግጠም ይቻላል፤ ሻካራ ጠርዝ ማንንም አይገድልም። ግን የላይኛው ጠርዝ የሚታየው ነው። ሚሊሜትር እንዲህ ያለ ሥራ ሠራ እንዲባል አልፈለግኩም። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ከእሳቱ በኋላ የላይኛው ጠርዝ የጣቴ አሻራና ትንሽ ጥላሸት ስለነበረበት በቤት ውስጥ ከነበረው የቁስል አልኮል በጨርቅ አድርጌ ወለወልኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች የሚወርዱ ፀጉር የመሰሉ ቀጭን መስመሮች አየሁ። በጥፍሬ ብዳስሳቸው አይነኩም፤ ውስጥ ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። በብረት ማስመሪያ ለካኋቸው፤ ረጅሙ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው። የነጋዴው ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ከሉሁ የተረፈው፣ ሌላ ሙሉ መከለያ የሚወጣው ቁራጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አዲስ መቁረጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ያደረግኩት ሌላ ነው። አናጢ ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ ጥቂት ነው፤ የሚሸፍንበት ግን ሞልቷል። ክፍተት ካለ በኮላና በሰጋቱራ ይደፈናል፤ ጫፉ ከተሰነጠቀ ከፈፍ ይደረብበታል። በእንጨት ሥራ ይህ ነውር አይደለም፤ የደረቀ እንጨት ስንጥቁ ካለበት ብዙ አይንቀሳቀስም። እኔም እጄ እንደለመደው ጥሩ ጠንካራ እንጨት መርጬ፣ ሆዱን አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ሰርስሬ፣ በላይኛው ጠርዝ ላይ እንደ ቆብ ደፋሁት። ዘጠኙን ሚሊሜትር አሥራ ሁለቱ ዋጠው፤ ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ ነበረኝ። ከዚያ መከለያውን በስድስት ብሎን በአልጋው ጎን ከሚቆሙ ሁለት የእንጨት ቋሚዎች ጋር አሰርኩት። የብሎኖቹን ቀዳዳ እንደ እንጨት በልካቸው በስቼ፣ አልነቃነቅ እስኪሉ ድረስ አጠበቅኳቸው። ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚሰፋ ቀዳዳው ሰፋ ማለት እንደነበረበት ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ከፈፉን ግን ሳደርግ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

በዚያው ሰኞ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ሲሆን መከለያውን በእናቴ አልጋ ላይ ገጠምኩት። አስታማሚዋ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እህቴ ስትመጣ ከፈፉን በእጇ እየዳሰሰች «ይቺ መጨበጫ ግን እንዴት ትዝ አለችህ?» አለችኝ። እናታችን ስትነሳ እንድትይዛት ብዬ ነው አልኳት። እናቴ በቀለበቷ አክሪሊኩን ኳ ኳ አድርጋ፣ ወደ መንገዱ ለረጅም ጊዜ አየችና «ይሄ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ የለውም፤ ጥሩ ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት እናቴ አንድም ቀን ታሰርኩ ብላ አላለቀሰችም። ጠዋት ጠዋት ከ4፡00 ሰዓት ጀምሮ ከፈፉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ራሷን ትጎትትና አላፊ አግዳሚውን ታይ ነበር። አንድ በዚያ የሚያልፍ ሰውዬ ነበረ፤ «ዛሬም ካልሲው አንድ አይደለም፤ ሚስት የለችውም ይሆን?» ትል ነበር። አስታማሚዋ ይህን ለእኔ ለመንገር ከሥራ እስክመጣ አትጠብቅም፤ ትደውልልኛለች።

እህቴ በሥራዋ ጠባይ ንጽሕና ስለምትወድና እናታችንም ስለምታስል፣ አክሪሊኩ ጠዋትና ማታ በአልኮል እንዲወለወል አስታማሚዋን አዛ ነበር። እኔ ይህን ያየሁት መከለያው በተገጠመ በአራተኛው ቀን ነው። አስታማሚዋ ጨርቁን በአልኮል አርሳ ከታች እስከ ከፈፉ ሥር ትወለውል ነበር። አልኮሉ በከፈፉ ቦይ ውስጥ እየገባ እንደሚቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። «በውኃና በሳሙና ብቻ አድርጊው» ማለት ይበቃ ነበር። ለምን ብትለኝ ምን እላታለሁ ብዬ ምላሴን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ስትወለውል ባየሁ ቁጥር ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ሳምንት ሲያልፍ ምንም አልሆነም፤ ሁለት ሲያልፍ ጭራሽ ረሳሁት ለማለት ደፈርኩ። አልረሳሁትም ነበር። ከፈፉን ሳላይ ወጥቼ አላውቅም።

አደጋው የደረሰበት ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡25 ሰዓት አካባቢ ነው። አስታማሚዋ አንሶላ አጥባ ለማስጣት ወደ ጓሮ ወጥታ ነበር፤ የማጽጃው ባልዲ በአልጋው ራስጌ በኩል ተቀምጧል። እናቴ እንደ ልማዷ ከፈፉን ይዛ ራሷን ስትጎትት አክሪሊኩ ከላይ ተሰንጥቆ እስከ ብሎኑ ድረስ ወረደና ለሁለት ተከፈለ። እናቴ ከነከፈፉ ወለሉ ላይ ወደቀች። አስታማሚዋ ደውላልኝ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ደረስኩ። ስደርስ እናቴን ሳታንቀሳቅስ፣ ራሷን በጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሹራቧን አልብሳት «እማማ፣ አይዞዎት፣ ልጅዎ መጣ» ትላት ነበር። ማድረግ የሚገባትን ሁሉ አድርጋለች። እኔ ግን በመጀመሪያ ያየሁት እናቴን ሳይሆን የተሰበረውን ጠርዝ ነው። ይህን መናገር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር። ስብራቱ ከአሥራ አራቱ ከረጅሙ ላይ ነበር የተነሳው።

እናቴ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደች በኋላ ፖሊስ መጥቶ ክፍሉን ፎቶ አነሳ። እኔም ሰው እንዳይቆርጥ በሚል ሰበብ ስብርባሪውንና ከፈፉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ሥራ ክፍሌ ወሰድኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ የራሴ ሥራ ነው፣ የተጎጂዋም ልጅ ነኝ። ከቀኑ 7፡30 ሰዓት ላይ ያን የመጀመሪያውን ቃል ሰጠሁ። መርማሪው ባልዲውን ጠቅሰው «በዚህ ተመትቶ ሊሆን ይችላል?» ሲሉኝ «ሊሆን ይችላል» አልኩ። ያቺ ሴት ላይ የመሰከርኩት በዚህች በአንዲት ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይዋጥም።

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ሳንባዋም ታሞ ከሦስት ቀን በኋላ ማክሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት አረፈች። ዓርብ ዕለት እህቴ አስታማሚዋን በቸልተኝነት ከሰሰቻትና ተያዘች። እህቴ ከሐዘኗ የተነሳ እንጂ ከክፋት እንዳላደረገችው እንዲታወቅልኝ። እሷ ሥራውን ያውቃል ያለችው ሰው፣ ማለትም እኔ፣ የነገርኳትን ነው ያመነችው።

ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ 5፡00 ሰዓት ለአስታማሚዋ ቅያሬ ልብስ ይዤ ወደዚህ ጣቢያ መጥቻለሁ። ለምን እንደመጣሁ ራሴም አላውቅም። በማረፊያ ክፍሉ በር ቀዳዳ በኩል ነው የተነጋገርነው። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ፊቷ ከስቷል። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «ጋሼ፣ ሳጸዳ በጣም ተጭኜው ይሆናል። ወይ ባልዲውን ሳስቀምጥ ነክቶት ይሆናል። አላስታውስም። እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለችኝ። ቀጥላም «እማማን ጣልኳቸው፤ የርስዎንም ሥራ ሰበርኩብዎት። ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። ልብሱን ሰጥቻት «አይዞሽ» ብያት ወጣሁ። አይዞሽ ብቻ።

ማክሰኞን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋልኩ። ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9፡00 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባሁ። ያ እጄን የሞከርኩበት ቁራጭ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። አንዱ ጠርዙ በእሳት የበራ ነው፤ ሌላኛውን ትናንት በብርጭቆ ወረቀት አምስቱንም ደረጃ ጠብቄ አሸሁት። ከዚያ የሁለቱንም ጠርዝ ግማሽ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ አልኮል ወለወልኩና ሰዓቴን አይቼ ተቀመጥኩ። ሁለቱም ደህና ይሁኑ ብዬ ጸለይኩ። ሁለቱም ቢሰነጠቁም ይሻለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው እላለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በእሳት የበራው ጠርዝ ፀጉር አበቀለ። የታሸው ንጹሕ ነው። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ላይ፣ እህቴ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። በመጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «አልኮሉን እኮ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ አላወቅሽም፣ እትዬ» አልኳት። «አንተ ታውቅ ነበር። ሰባት ሳምንት እዚህ ተቀምጠህ አብረኸኝ ስትበላ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል አቃተህ? አንድ ቃል?» አለችኝ። «ያቺን ልጅ እኔ አሳሰርኳት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ «በዚያ እጅህ አትንካኝ» ብላኝ ገብታ በሯን ዘጋች። እህቴና እኔ ከእናታችን በቀር ማንም አልነበረንም፤ ዛሬ ደግሞ እርስ በርሳችንም ያለን አይመስለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ እናቴን መስኮት ላሳያት ብዬ የጣልኩት ይህን ሁሉ ነው።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ስብርባሪ፣ ከፈፉንና የመሞከሪያውን ቁራጭ ይዤ መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ይህ ቃል በመጻፍ ላይ እያለ ከጠዋቱ 4፡05 ሰዓት ሲሆን፣ መርማሪው ራሳቸው በእሳት የበራውን ጠርዝ ካልተነካው በኩል መርጠው፣ የታሸውንም ጠርዝ ጨምረው፣ ከጣቢያው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ባመጡት አልኮል ወልውለውታል። 4፡19 ሰዓት ላይ በእሳት የበራው ብቻ ተሰንጥቆ ከእኔ ጋር አብረው አይተዋል። ከፈፉንም ከፍተው በቦይው ውስጥ ያሉትን ስንጥቆች ቆጥረዋል፤ አሁን አሥራ አራት ብቻ አይደሉም፤ ለመቁጠር አይመቹም።

ለዚህ ቃሌ የምጠይቀው ምሕረት የለም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ቃሌ ለአስታማሚዋ ሲነበብላት ቁራጩም ይታያት። በወሬ ብቻ ከሆነ አታምንም፤ ጋሼ ሊያስፈታኝ ብሎ ነው ትላለች። ሁለቱን ጠርዞች በገዛ ጣቷ ትዳስስና፣ እናቴን የጣለቻት እሷ አለመሆኗን ትወቅ። እኔ ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ባልኖር ደስ ይለኛል፤ ኑር ከተባልኩ ግን እኖራለሁ።

እናቴ ከመሞቷ በፊት የተናገረችው ነገር አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ ስመልስ፣ ባረፈችበት ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት አካባቢ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። የሆስፒታሉ ክፍል መስኮት አልነበረውም። እጄን ያዘችና «አናጢው፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ። መስኮቱን የከፈትክልኝ አንተ ነህ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም «እስቲ ልጄን ጥራልኝ፤ ሳላየው እንዳልሄድ» አለች። ልጅሽ እኔ ነኝ ልላት ነበር። ያን ጊዜ ግን የእሷ ልጅ ይህን የሠራ ሰው ነው ማለት ሆነብኝና አልቻልኩም። «እየመጣ ነው፣ እማማ» አልኳት። እስከ 8፡00 ሰዓት ድረስ በሩን ስታይ ነበር።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ፣ ከአፌ የወጣ መሆኑን፣ ከዚህ በኋላ የደበቅኩት አንድም ነገር አለመኖሩንና አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ የሰጠሁትን ቃል የሚሽር መሆኑን፣ ሐሰት ቢሆን ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል አውቄ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)
ቃሉ ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)
የመርማሪ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፡ ከጠዋቱ 5፡35

አብሮ የተያያዘ ኤግዚቢት፡ የተሰበረ አክሪሊክ ሁለት ክፍል፣ የእንጨት ከፈፍ አንድ፣ የመሞከሪያ ቁራጭ አንድ።

የመርማሪ ማስታወሻ፡ ቃል ሰጪው ከፈረሙ በኋላ በቅጹ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «አናጢ» ተብሎ የተጻፈው እንዲሰረዝላቸው ጠይቀዋል። የተፈረመ ቅጽ ስለማይሰረዝ እንዳለ ቀርቷል።